ያልታጠበ ቃል

ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ጣሪያ ሥር ሶፋ እየሠሩ፣ ከአንድ ፔርሙዝ ሻይ እየቀዱ፣ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ዓመታት አሳልፈዋል። አይነጋገሩም ማለት ግን አይደለም። ኧረ ሲነጋገሩ ነው የሚውሉት! በሰው በኩል ነው እንጂ።

ቤቱ ሦስት ክፍል ነው። ከኋላ፣ ወደ ጓሮው በሚያስወጣው ክፍል፣ ትልቁ ወንድም እንጨት ይቆርጣል፣ ይልጋል፣ ያጋጥማል። ሰፈሩ «መጋዝ» ይለዋል፤ ግማሹ በሥራው፣ ግማሹ በአፉ ምክንያት። ከፊት፣ መንገዱን በሚያየው ክፍል፣ ታናሹ ስፖንጅ ይሞላል፣ ጨርቅ ያለብሳል፣ ደንበኛ ያባብላል። እሱ ደግሞ «መቀስ» ነው። በመሃል፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ከስፌት መኪናዋ ጋር ትቀመጣለች። ከዚያ ቤት የሚወጣ የሶፋ ልብስ ሁሉ በእጇ ያልፋል። የወንድማማቾቹም ቃል እንዲሁ። ታዲያ ሰፈሩ እሷንም አልማራትም፣ «ፖስታ» አላት።

«ንገሪው!» ይላል መጋዝ ከኋላ፣ መጋዙን ሳያቆም። «ያ ሰነፍ ባለ ሦስት መቀመጫውን ዛሬም ካልጨረሰ፣ እላዩ ላይ ተቀምጬበት እጨርሰዋለሁ በይው!»

ፖስታ ክሯን በጥርሷ በጥሳ ትነሳለች። ከኋለኛው ክፍል እስከ ፊተኛው ያለችው መንገድ አጭር ናት። ለሷ ግን ትበቃታለች። በዚያች መንገድ ላይ ቃሉን ታጥበዋለች። ክፍሏን ከፊተኛው የሚለየውን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ብቅ ስትል እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ ባለ ሦስት መቀመጫው ከምን ደረሰ ብለው ነው። ከበዛበት ላግዘው ወይ ብለዋል።»

መቀስ በከንፈሩ የያዛቸውን ምስማሮች መዳፉ ላይ ይተፋቸዋል። «ላግዘው? እሱ ነው ላግዘው ያለው?»

«እንግዲህ እኔ መልእክተኛ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ንገሪው፣ እንጨቱን አጣሞ ሰጥቶኝ ጨርቁ ከየት መጥቶ ቀጥ ይላል! በዚያ ዓይኑ መጋዝ ከሚይዝ መቁጠሪያ ይያዝ በይው!»

እሷም ወደ ኋላ ተመልሳ፣ «ነገ ጠዋት ይደርሳል ብሏል ጋሼ። አንዷ እግር ብቻ ትንሽ ዘንበል ብላበት ነው እንጂ፣ እንጨቱስ ግሩም ነው ብሏል» ትላለች።

መጋዝ ያጉረመርማል። እግሯን ግን ያቃናታል። በማግስቱ ሶፋው በሁለት ሰው ሸክም ይወጣል። የገዛው ሰውም ሳሎኑ ውስጥ አደላድሎት ሲጋደምበት፣ ስንት ስድብ ተሻግሮ እንደመጣለት አያውቅም።

የጠባቸው ምክንያት ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እዚያው መሃለኛዋ ክፍል ጥግ ላይ ቆሟል። የእናታቸው ባለ መደገፊያ ወንበር ነው። እናትየዋ ባረፉ ጊዜ መቀስ ወንድሙን ደስ ያሰኘ መስሎት ወንበሩን ደብቆ ወሰደና፣ ክንዳቸው ያሳሳውን፣ ራሳቸውን ያሳረፉበትን አሮጌ ጨርቅ ገፍፎ ቀይ ከፋይ አለበሰው። አሮጌውን ጨርቅ ቆሻሻ የሚሰበስበው መኪና ወሰደው። መጋዝ ወንበሩን ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ።

«እናቴን ቆሻሻ ላይ ጣልካት» አለ።

«አንተስ በሕይወት ሳለች ምን አልብሰሃት ታውቃለህ?» አለ መቀስ።

ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይባል የለ? ንግግር እዚያ ላይ ተሰበረ። መጋዝ ከፋዩን በጣቱ ቦጫጭቆ ጣለው። ወንበሩም ስፕሪንጉ እንዳገጠጠ፣ አቧራ እንደጠገበ ጥጉን ይዞ ቀረ። የሚቀመጥበት የለ፣ የሚያነሳው የለ።

ፖስታ እዚያ ቤት ሥራ ስትጀምር ቃሉን እንደ ወረደ ነበር የምታደርሰው። የነገሩኝን መንገር እንጂ ሌላው ምን አገባኝ ብላ። አንድ ቀን ግን የተወረወረ መዶሻ መጋረጃውን ገልጦ ከአጠገቧ ሲያልፍ አየች። ማጠብ የጀመረችው ከዚያ ወዲያ ነው። መጀመሪያ ስድቡን ብቻ ታወጣ ነበር፤ ፍሬውን ትተውላቸው ነበር። እያደር እጇ ፈታ ሲል «እባክህ» ጨመረችበት። «አመሰግናለሁ» ጨመረችበት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለማ፣ አንዳንድ ቀን ሁለቱም ምንም ሳይሉ፣ ዝምታው ሲከብዳት፣ «እንዴት አደረ ብለዋል» እያለች ከራሷ ኪስ የምታወጣበት ጊዜም ነበር። ማንንም አልጎዳሁም ትላለች ለራሷ። ቤቱን የያዘው ምስማር ሳይሆን እኔ ነኝ ብላም ታስብ ነበር። ትንሽ ትኮራ ነበር ማለት ነው። ብትኮራስ!

ኋላ፣ ሌላ ከተማ ያለችው ልጇ ወለደችና ፖስታ የልጅ ልጇን ልታቅፍ ሄደች። ወንድማማቾቹ ያለ አፍ ቀሩ።

የመጀመሪያውን ቀን በመዶሻ ምት ተግባቡ። አንድ ምት «እንጨት ደርሷል»፣ ሁለት ምት «ጨርቅ አነሰኝ»። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዱ ሦስት ጊዜ መታ፣ ሌላው ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም፤ ሥራ ቆመ። ይኼኔ ነው ስልክ ቤት የምትሠራው የመጋዝ ልጅ መላ አመጣሁ ብላ የመጣችው።

«አባዬ፣ ለምን ሜሴጅ አትላላኩም?»

«ሜሴጅ ደግሞ ምንድነው?»

«መልእክት ነዋ።»

«መልእክትማ ሰው ይዞት ይመጣል። ይሄን ማን ይዞት ይመጣል?»

«ማንም። ራሱ ይገባል።»

«ሳያንኳኳ?»

ልጅቷ ሳቀች። መጋዝ ግን የምሩን ነበር የጠየቀው፤ ጥያቄውም የዋዛ አልነበረም። «ሜሴጅ» የምትለው ቃል ዛሬ ከማናችንም አፍ አትጠፋም። ሜሴጅ ላክልኝ እንላለን፣ ሜሴጅ ገባልኝ እንላለን፣ ሜሴጄን አይቶ ዝም አለኝ ብለን እናኮርፋለን። መልእክት በሰው እግር ይሄድ በነበረበት ጊዜ ግን ሰውየው ደጃፍ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር። ውሃ ይሰጡታል፣ ይጠጣል። ውሃውን እየጠጣ የቤቱን ሰው ፊት ያያል፣ ከየት እንደሚጀምርም ያስባል። መጀመሪያ «ሁሉም ደህና ናቸው» ይላል፤ ክፉው ከኋላ ይከተላል። ሜሴጅ ውሃም አይጠጣ፣ ፊትም አያይ።

ፖስታ ጨቅላ ጨቅላ እየሸተተች፣ ሻንጣዋን እያንከባለለች ስትመለስ፣ ገና ከመንገዱ ማዶ አንድ ነገር ጎደለባት። የመጋዝ ድምፅ የለም። ከደጃፉ ላይ የጨርቅ ጥቅሎች በገመድ ታስረው ግድግዳ ተደግፈዋል። ውስጥ ስትገባ ደግሞ መጋረጃዋ ተነቅሎ ወለል ላይ ተጥሏል፤ በምትኩ እስከ ወገብ ድረስ ስስ ጣውላ ተመትቶበታል። የላይኛው ገና ነው። በግማሹ ግድግዳ ላይ መዶሻ ተቀምጧል።

«ምን ጉድ ነው? ልጄ ወለደች እንጂ እኔ ሞትኩ ተባለ እንዴ?» አለች።

መቀስ ስፖንጅ እየጠቀለለ ነበር። ቀና ብሎ አያትና፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት እትዬ» አለ ቀዝቀዝ ብሎ። «ከገበያው ማዶ ክፍል አግኝቻለሁ። ቅዳሜ መኪና ይመጣል። አንቺም ብትመጪ ደስ ይለኛል፣ መስኮት ያለው ቦታ እሰጥሻለሁ።»

«እንጨቱንስ ማን ይሠራልሃል?»

«አናጢ ሞልቷል።»

«ወንድምም ሞልቷል?»

መቀስ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። «አንብቢ እስቲ።»

መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «ጣትህ እንደ አፍህ ቢፈጥን ሀብታም በሆንን» ይላል ከመጋዝ። «አፍህ እንደ መጋዝህ ቢደንዝ ሰው በሆንክ» ይላል መልሱ። ወረድ ስትል፣ «እናቱን ያራቆተ ወንድሙን ምን ያለብሳል» የሚል አገኘች። ከሥሩ ደግሞ፣ «እንግዲያው ከወንበርህ ጋር ኑር፣ እኔ ሄድኩ።»

ለፖስታ አዲስ ነገር አልነበረበትም። ይህን ሁሉ በጆሮዋ ሰምታ ታውቀዋለች፤ ከዚህም የባሰ ሰምታለች። ከመጋረጃው ወዲህ ስላላለፈ ነው እንጂ።

«አንቺ እንደምታሳምሪው አውቅ ነበር፣ እትዬ» አለ መቀስ ስልኩን እየተቀበላት። «ሞኝ አይደለሁም። ምን ያህል እንደምታሳምሪው ግን አላውቅም ነበር።»

ያን ቀን በጓሮ ዞራ የስፌት መኪናዋ ፊት ስትቀመጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ክር መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አላት። ቅዳሜ ሩቅ አይደለም። ቤቱ ለሁለት ከተከፈለ አንዱ ልብስ የሌለው እንጨት፣ አንዱ እንጨት የሌለው ልብስ ይዞ ሊቀር ነው። እሷስ በየትኛው ደጅ ልትቀመጥ ነው? የቱንም ብትመርጥ ያኛውን የከዳች ሊመስላት ነው።

በማግስቱ ጠዋት የምታውቀውን ብልሃት ሞከረች። መጋዝ ምንም ሳይላት፣ ወደ ኋላ ደረስ ብላ ተመለሰችና ግማሹን ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

«ጋሼ ልከውኝ ነው» አለች። «ተሳስቻለሁ፣ ውድ ወንድሜ ቅር አይበለው፣ አትሂድ በይልኝ ብለዋል።»

መቀስ መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ ሳቁ መጣ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«ውድ ወንድሜ? መጋዝ? እትዬ፣ በሞቴ! ስፌትሽን የማላውቅ መሰለሽ? ጠርዙን ሁልጊዜ ሁለቴ ትደርቢዋለሽ እኮ።»

የፖስታ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ያፈረችው ስለተያዘች ብቻ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ደግ ቃል ስታመላልስ ኖራ፣ ደግ ቃል ባስፈለገበት ቀን ከእጇ የሚቀበላት ጠፋ። መጋዝ ዛሬ ከልቡ «አትሂድ» ቢል እንኳ በሷ አፍ ከመጣ «የሷ ናት» ሊባል ነው።

ወደ ኋላ ሄደች። መጋዝ ሥራ ፈትቶ የተላገ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስልኩ ጉልበቱ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እስከዛሬ ለሱ የነገርኩት ሁሉ የእርስዎ ቃል አልነበረም። ለእርስዎም የነገርኩት የሱ አልነበረም።»

«ምን አዲስ ነገር ነገርሽኝ!»

«ያውቁ ነበር?»

«አንዴ 'እሺ ጋሼ ብሏል' ብለሽ አልመጣሽም? እሱ ከተወለደ ጀምሮ ጋሼ ብሎኝ አያውቅም። 'ስማ' ነው የሚለኝ። ገና አፉን ሲፈታ ጀምሮ፣ 'ስማ፣ ስማ!' እኔ ደግሞ እንዲህ ሰድቤው ከወዲያ ሲስቅ እሰማለሁ። ተሰድቦ የሚስቅ ሰው የት አለ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

መጋዝ የሳንቃውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ስንጣሪ የሚፈልግ ይመስል። «ደስ ይለኝ ነበራ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ እንዳፈረ ሰው ስልኩን አነሳ። «ይሄ እርጉም! እኔ ስናገር ይወጣልኛል፤ ቤቴ ስገባ ምን እንዳልኩም አላስታውሰው። ይሄ ግን ሌትም ቀንም ይዞት ይቀመጣል። ትናንት የጻፍኩትን ዛሬ አንብቤ እንደ አዲስ ተናደድኩ። በገዛ ቃሌ!»

«እሱ ቅዳሜ ሊሄድ ነው፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ጣውላውን የምመታው ለጌጥ ነው እንዴ?»

«ይሂድ ነው የሚሉት?»

ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ፖስታ እንደ ልማዷ ልትሞላው ከንፈሯን ከፈተች፤ ግን መልሳ ገጠመችው። ይኼኛውን ራሱ ይሙላው አለች በሆዷ።

«ንገሪው» አለ መጋዝ በመጨረሻ።

«ራስዎ ሄደው ይንገሩት። ሩቅ አይደለም።»

«አፌ ለሱ ቀጥ ብሎ አይወጣልኝም። ንገሪው ብዬሻለሁ፣ ንገሪው!» ተነሳና ወገቡን ይዞ ቆመ፣ ሳለ። «ያ ቀለም የማይለይ ዕውር፣ እናቱን እንደ ሙሽራ በቀይ ከፋይ የጠቀለለ ጉድ፣ የማንንም አናጢ ሸፋፋ እንጨት ሊያለብስ ነው የሚሄደው? ይሂዳ! ማን ያዘው! ግን የጀመረውን ጨርሶ ይሂድ። ወንበሩ ራቁቱን ነው። ገፍፎ ነው የሄደው፣ እኔም ገፈፍኩት፤ በቃ፣ ሁለታችንም ገፈፍናት። እኔ መርፌ አልይዝም። ይምጣና ያልብሳት። ቀይም ይሁን፣ የነብር ቆዳም ይሁን፣ የፈለገውን ያልብስ፤ አፌን እይዛለሁ በይው።» ትንሽ አሰበና ጣቱን ቀሰረ። «አንድ ቀን። ከአንድ ቀን በላይ አልይዝም በይው!»

ፖስታ ዞረች። በዚያች አጭር መንገድ ላይ አፏ ልማዱን ሊሠራ ጀመረ። «ዕውር» የምትለዋ መጀመሪያ ትወጣለች። «ጉድ» ትከተላለች። «ይሂዳ» አያስፈልግም። ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ ተተኩሶ የሚቀረው «ጋሼ ወንበሩን አልብስልኝ ብለዋል» የምትል ንጹሕ ቃል ናት። ጥሩ ቃል ነበረች። ማንም የማያምናት ጥሩ ቃል። ፖስታ ባዶው ወንበር አጠገብ ቆመች፤ ያገጠጡትን ስፕሪንጎች አየቻቸው። ክፉውን ነቅላ ጥላ ደጉን ብቻ ብታሻግረው፣ ደጉ ያለ አጥንት እንደሚቀር ያን ጊዜ ገባት።

ግማሹ ግድግዳ ጋ ስትደርስ እንደ መጋዝ ወገቧን ያዘች። እንደ መጋዝ ሳለች። ከዚያ ሁሉንም፣ አንዲት ሳታስቀር፣ «ዕውር»ንም «ጉድ»ንም፣ ሰው መንገድ ላይ ዞር ብሎ እስኪያይ በጩኸት አወረደችው። በዕድሜዋ ይህን ያህል ሰድባ አታውቅም።

መቀስ ይቋጥር የነበረው ገመድ ከእጁ ወደቀ።

«እንደ ሙሽራ?» አለ።

«እንደ ሙሽራ።»

«ጉድ አለኝ?»

«ዕውርም ጨምረው።»

«ሁለታችንም ገፈፍናት አለ? እንዲሁ ነው ያለው? ሁለታችንም?»

«እንዲሁ ነው ያሉት።»

መቀስ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። አንድ መኪና እስኪያልፍ ድረስ መንገዱን ሲያይ ቆየ፣ የሚያውቀው መኪና ይመስል። «አንድ ቀን ብቻ ነው የሚይዘው?»

«ከአንድ ቀን በላይ አልይዝም ብለዋል።»

ይኼኔ ሳቀ። ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ሳቀ። «ይሄን ከየትም አታመጪውም፣ እትዬ።»

«እኔ ስድብ ላይ እጄ አይሄድም።»

«አይሄድም! ይሄ የሱ ነው። በምራቁ ነው የመጣው!» አፍንጫውን ሳብ አደረገ። «በይ እንግዲህ፣ ንገሪው…»

ፖስታ ግን ወንበሯን ስባ ተቀምጣ ነበር። «ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል» አለችው፣ ክሯን በምራቋ እያሾለች። «ልጄን ሳርስ ከርሜ መጥቼ ገና ሻይ እንኳ አልጠጣሁ። ሰው እግር አለው፣ አፍ አለው።»

መቀስ ቆመ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ግማሹን ግድግዳ አየ። ቀስ ብሎ ተጠጋና፣ እጁን መዶሻው አጠገብ አሳርፎ፣ አንገቱን በጣውላው ላይ አሻግሮ ወደ ኋላ ክፍል ተጣራ።

«ስማ!»

ከኋላ ሳንቃው ሲንቋቋ ተሰማ። ፖስታ ክሯን አስቀመጠች።

«ስማ! ለወንበሩ ምን ዓይነት ጨርቅ ነው የምትፈልገው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለ የመጋዝ ድምፅ፣ ከጎረነነበት እየተሰነጠቀ። «አልባሹ አንተ አይደለህ!»

«ግራጫ አለኝ።»

«ግራጫ? እናትህ ዳመና ናት?»

«አፌን እይዛለሁ አላልክም?»

«ገና መቼ ጀመርክና! መርፌህን ስታነሳ እይዛለሁ!»

መቀስ መዶሻውን አነሳ። ፖስታ ደንገጥ ብላ ያን የድሮውን ቀን አስታወሰች። እሱ ግን ገልብጦ ያዘውና በሹካ መሰል ጀርባው የጣውላውን የመጀመሪያ ምስማር ሲጥጥ አድርጎ ነቀለው። ወዲያ ማዶ ደግሞ የመጋዝ እግር እየተጎተተ ሲመጣ ተሰማ፤ «በዚያ በኩል አይደለም፣ እንጨቱን ትሰነጥቀዋለህ፣ አንተ እጀ ሰባራ!» እያለ።

ከዚያ ወዲያ ቃሉ ከራሷ በላይ ያልፍ ጀመር፣ ከወዲያ ወዲህ፣ ከወዲህ ወዲያ፣ እንደ ወረደ። አንዳንዱ ሲያልፍ ትከሻዋን ያሰብቃታል። አንድ ሁለቱንማ በእሷ ዘመን ቢሆን ከደጃፉም አታስገባቸውም ነበር። የስፌት መኪናዋን አስነሳች፤ እንዳትሰማቸው ጮክ አድርጋ። አፏ ግን በመኪናው ድምፅ ውስጥ ተደብቆ ይንቀሳቀስ ነበር፤ «እጀ ሰባራ» የምትለዋን ተከትሎ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ቀስ በል፣ እጅህን እንዳይጎዳህ ብለዋል» ይል ነበር።